«ማታ 2 ሰዓት» ተብሎ የተሞላው ባክአፕ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ገጥመውብኛል። አራቱም ከትንንሽ ክሊኒኮች የመጡ ናቸው፣ አራቱም የሚጠይቁት ስለ ታካሚ ካርድ ነው፣ ማለቴ ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባው ካርድና ስለ ባክአፑ፣ ስለ መጠባበቂያ ቅጂው ማለት ነው። እኔም ይሄ ጉዳይ ከድሮም ስለሚያንገበግበኝ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው አሳድሬ አምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ አስተዳድራለሁ። ከ3 ዓመት በፊት ካርድ ክፍላችንን ወደ ሶፍትዌር ቀየርን፣ አሁን ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ታካሚ ተመዝግቧል። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ ዋናው ኮምፒውተር አልነሳ አለ፣ ባለሙያ ስናስጠራ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል አለን። ግዴለም ባክአፕ አለን ብለን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን፣ ከውጭ የሚሰካውን፣ ስንከፍተው የመጨረሻው ፋይል የዛሬ 4 ወር ነው፣ የሌሊት ተረኛ ያቆምንበት ሰሞን ማለት ነው። ሶፍትዌሩን የገጠመልን ልጅ «ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ በራሱ ይገለብጣል፣ እናንተ ምንም አትንኩ» ብሎን ነበር፣ እኛም አልነካንም። አሁን የእርጉዝ እናቶችን ክትትል፣ የስኳርና የግፊት ታካሚዎችን መድኃኒት ከላብራቶሪ መዝገብና ከደረሰኝ እየለቀምን መልሰን እየጻፍን ነው። የት ጋ ነው የተሳሳትነው? የሰዓቱን ስክሪን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። (ሲስተር መ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሲስተር፣ በመጀመሪያ አይዞዎት። 11 ሺህ ሰው አምኖ የነገራችሁ ነገር ነው የጠፋው፣ የናንተ ድካም ደግሞ ሌላ ነው፣ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፣ መልሱ እዛው ላይ አለ። ሰዓቱ 2:00 ኤኤም ይላል። ልጁ በልቡ ያሰበው ማታ 2 ሰዓት ነው፣ እናንተም የሰማችሁት ማታ 2 ሰዓት ነው፣ ኮምፒውተሩ የገባው ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እሱ ደግሞ በኛ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው። ተረኛ በነበራችሁ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራ 8 ሰዓት ላይም ቢሆን ይገለብጥ ነበር፣ ስለዚ ማንም ልዩነቱን አላየም። ተረኛውን ስታቆሙ ማታ ዘግታችሁ መሄድ ጀመራችሁ፣ በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ 8 ሰዓት ሲደርስ የሚሰራ ማሽን የለም። የዊንዶውሱ ታስክ ስኬጁለር፣ ስራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው ፕሮግራም ማለት ነው፣ ደግሞ ሰዓቱ ካለፈበት ጠዋት ሲበራ አያካክስም፣ «ሰዓቱ ካለፈህ እንደበራህ ስራው» የምትል አማራጭ አለች፣ እሷን ሰው ገብቶ ካልመረጣት ዝም ብሎ ነው ቀጣዩን ሌሊት የሚጠብቀው። አንድ ሌላም ነገር ልጨምርልዎት፣ ብዙ ክሊኒክ ላፕቶፕ ነው እንደ ሰርቨር፣ መረጃው ሁሉ እንደሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ የሚጠቀመው፣ ስኬጁለሩ ደግሞ ሲፈጠር ጀምሮ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ካልሆነ ስራውን እንዳይጀምር ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ ሰዓቱ ሲደርስ መብራት ከሌለ ባክአፕም የለም ማለት ነው፣ ማንም ሳያውቅ።

ስለዚ መጀመሪያ ሰዓቱን ሰው ባለበት ሰዓት አድርጉት። እኔ የምመርጠው የምሳ ሰዓት ነው፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ ኮምፒውተሩ ላይ 12:30 ፒኤም ተብሎ ይሞላል፣ ከዛ ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጊዜ። ሁለቱንም ሰዓት በኛም በፈረንጅም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሰርቨሩ ላይ ለጥፉ፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ሲመጣ እንደገና እንዳይሳሳት።

ቀጥሎ የሚገለበጠው ምንድነው የሚለው ነው። ብዙ ቦታ ያየሁት ሰው የሶፍትዌሩን ፎልደር ኮፒ ፔስት አድርጎ ባክአፕ ሰራሁ ሲል ነው። የታካሚው መረጃ ያለው ዳታቤዙ፣ መዝገቡ ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ማለት ነው፣ እሱ ውስጥ ነው፣ ዳታቤዝ ደግሞ እየሰራ እያለ ፋይሉ ተቆልፎ ነው የሚቆየው፣ የዳታቤዙ ፕሮግራም ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ ኮፒ ሊያደርግላችሁ እምቢ ይላል፣ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ደግሞ ኮፒ ሊሆን ይችላል ግን ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ መልሳችሁ ስትከፍቱት የማይነሳ ነገር ሊሆን ይችላል፣ የባሰው እሱ ነው ምክንያቱም ያላችሁ ይመስላችኋል። ለዚህ ዳታቤዙ ራሱ የሚያወጣው ኮፒ አለ፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ባክ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ነው፣ በማይኤስኪውኤል ደምፕ ይባላል፣ ባለሙያችሁን «ኮፒ ነው የምትሰራው ወይስ ደምፕ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ጥያቄውን ስትጠይቁት ፊቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ከሆነ የጫነላችሁ፣ ነፃው ማለት ነው፣ እሱ ውስጡ የራሱ ሰዓት ጠባቂ የለውም፣ ለዛ ነው በዊንዶውስ ስኬጁለር የሚሰራው፣ እስከ 2022 ባለው ቨርዥን ደግሞ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ አያልፍም፣ ስለዚ የአልትራሳውንድና የራጅ ፎቶ ከዳታቤዙ ውጭ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ያ ፎልደር አብሮ ካልተገለበጠ ካርዱ ይመለሳል ምስሉ አይመለስም። የሶፍትዌሩ መጫኛና የፈቃድ ቁጥሩም አብሮ ይቀመጥ።

ከዛ የት ይቀመጥ። ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ለፎቶ አንሺዎች ብሎ ያስተማረው ደንብ ነው ዛሬ ሁሉም የሚጠቀምበት፣ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ዕቃ ላይ፣ 1ዱ ከግቢ ውጭ። ለናንተ ክሊኒክ ስተረጉመው ሁለት ኤክስተርናል ግዙ፣ አንዱ ላይ «ሰኞ ረቡዕ ዓርብ» ሌላው ላይ «ማክሰኞ ሐሙስ ቅዳሜ» ብላችሁ በፕላስተር ጻፉበት፣ የቀኑ ዲስክ ተሰክቶ ባክአፑ ሲያልቅ ይነቀላል፣ አንዱ ሁልጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ የለም፣ ቤት ነው ያለው። ሦስተኛውን ቅጂ በኋላ እመጣበታለሁ።

ይነቀላል ያልኩትን ላስምርበት። ከጥቂት ዓመት በፊት ከአንድ ክሊኒክ ጠርተውኝ ሄድኩ፣ ስሙን አልናገርም። ጠዋት ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን ስታበራ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ነው የጠበቃት፣ ፋይሉ ሁሉ ስሙ መጨረሻ ላይ የማናውቀው ፊደል ተቀጥሎበታል፣ አንዱም አይከፈትም፣ ቫይረስ ቆልፎታል። ኤክስተርናሉ የት ነው አልኳት። ከሰርቨሩ ጀርባ አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰክቷል፣ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከተገዛ ጀምሮ ተነቅሎ አያውቅም። ከፈትኩት፣ የአንድ ዓመት ባክአፕ በሙሉ ያው ፊደል ተቀጥሎበታል። ልጅቷ «የትናንቱም?» አለችኝ፣ እስካሁን ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ። ደጅ ላይ 15 ሰው ተቀምጦ ነበር፣ ከነሱ አንዷ እናት ልጇን ፔኒሲሊን አይስማማውም ባለፈው ጽፋችሁታል እኮ እያለች ታስረዳለች። የተረፈው ምን መሰላችሁ፣ ሐኪሙ ከ7 ወር በፊት ለሪፖርት ብሎ በፍላሽ ገልብጦ ቤቱ የረሳው ፋይል። ያ ፍላሽ የዳነው ስላልተሰካ ብቻ ነው።

ይሄ እኛ ጋ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በፈረንጆቹ ሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እንግሊዝ ውስጥ ትልልቅ ሆስፒታሎችን ብቻ ሳይሆን 595 የሰፈር ሐኪም ክሊኒኮችንም ነክቷል፣ ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከ2 ወር በፊት ማርች ላይ ነበር። ስለዚ አፕዴት ኢንተርኔት ይበላል ብላችሁ አትዝጉት። ሰርቨራችሁ ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፣ ወደ 11 መቀየሩን ከባለሙያው ጋር ተነጋገሩ።

ቤት የሚሄደው ዲስክ በቦርሳ ሆኖ ሚኒባስ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሊሰረቅ ይችላል፣ ስለዚ ኢንክሪፕት መደረግ አለበት፣ በፓስዋርድ መቆለፍ ማለት ነው፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ዊንዶውስ ፕሮ ካላችሁ ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ አብሮት አለ፣ ሆም ከሆነ ቬራክሪፕት የሚባለው ነፃ ነው። ችግሩ ፓስዋርዱ ከጠፋ ዲስኩ ለናንተም ለሌባም እኩል ነው፣ ማንም አይከፍተውም። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በፖስታ አሽጉት፣ አንዱ ክሊኒኩ ካዝና ውስጥ፣ አንዱ ባለቤቱ ቤት፣ ከዲስኩ ጋር ግን አንድ ቦርሳ ውስጥ እንዳይሆን።

ፋይሉን በየቀኑ በትናንቱ ላይ አትጻፉበት። አንድ ሰራተኛ በስህተት 200 ካርድ ቢሰርዝና የሚታወቀው ከ3 ሳምንት በኋላ ቢሆን የትናንቱ ባክአፕ ውስጥም የለም ማለት ነው። የሳምንቱን የየቀኑን፣ የወሩን የየሳምንቱን፣ የዓመቱን የየወሩን አንድ አንድ አስቀሩ፣ ጽሑፍ ስለሆነ ቦታ አይበላም። የፋይል ስም ነገር ደግሞ እባካችሁ፣ «12-10» የሚል ፎልደር አይቼ አውቃለሁ፣ የኛ ይሁን የፈረንጅ፣ ቀኑ የቱ ወሩ የቱ፣ የጻፈው ልጅ ስራ ለቋል። ሶፍትዌሩ የሚጽፈው በፈረንጅ ስለሆነ እናንተም በፈረንጅ አድርጉት፣ ዓመት መጀመሪያ ከዛ ወር ከዛ ቀን፣ ሲደረደር ራሱ በቅደም ተከተል ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ ሲስተር፣ ከላይ ያለውን ሁሉ አድርጋችሁ ይቺን ካላደረጋችሁ ከ4 ወር በፊት ከነበራችሁበት ብዙም አልራቃችሁም። መልሳችሁ ክፈቱት። በወር አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ ሰርቨሩ ያልሆነ ሌላ ላፕቶፕ አምጡ፣ ሶፍትዌሩን ጫኑበት፣ ቤት የነበረውን ዲስክ ሰኩና ባክአፑን ሪስቶር አድርጉት። ከዛ አይቲው ወንበሩን ይልቀቅና ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ትቀመጥ፣ ካርድ የሚያውቀው እሷ ናት። ከላብራቶሪ መዝገብ ላይ በዚህ ሳምንት የታዩ 5 ሰዎችን በካርድ ቁጥራቸው ትፈልግ፣ የመጨረሻ ቀጠሯቸው አለ? ግፊታቸው ተጽፏል? አለርጂ የሚለው ቦታ ባዶ ነው ወይስ እንደነበረ ነው? የአልትራሳውንድ ምስሉ ይከፈታል? ጠቅላላ የታካሚ ብዛቱስ ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? አንዴ ከለመደችው ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ስትጨርሱ መረጃውን ከላፕቶፑ ላይ አጥፉት እንጂ እዛው ትታችሁ እንዳትሄዱ።

አንድ ደብተር ግዙና በየቀኑ አንድ መስመር ይጻፍ፣ ቀን፣ የፋይሉ መጠን፣ የመጨረሻው ካርድ ቁጥር፣ ፊርማ። መጠኑ ከቀን ቀን ቀስ እያለ ማደግ አለበት፣ ትናንት 310 ሜጋባይት የነበረ ዛሬ 4 ኪሎባይት ከሆነ ወይም 3 ቀን ሙሉ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ይሄንን ለማየት አይቲ መሆን አያስፈልግም። እናንተ ደብተሩ ቢኖራችሁ ኖሮ ነገሩ በ4ኛው ወር ሳይሆን በማግስቱ ይታወቅ ነበር።

ደግሞ ራሳችሁን ብቻ እንዳትወቅሱ። ጊትላብ የሚባለው ብዙ የዓለም ፕሮግራመር ስራውን የሚያስቀምጥበት ድርጅት ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በስህተት ዳታቤዙን ሲሰርዘው 5 ዓይነት የባክአፕ ዘዴ ነበራቸው፣ ሲፈልጉት በደንብ የሚሰራ አንድም አላገኙም። የየቀኑ ደምፕ በቨርዥን አለመጣጣም ምክንያት ሳይሰራ ቆይቷል፣ አልሰራም የሚለው ኢሜይል ደግሞ ለማንም አይደርስም ነበር። ያዳናቸው አንዱ ሰራተኛ ስህተቱ ከመፈጠሩ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ስራ የወሰደው ኮፒ ነው። ይሄን ሁሉ ራሳቸው በግልጽ ጽፈው አውጥተውታል፣ ለዛ ነው እኔም የማከብራቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ሐዋሳ ውስጥ የሁለት ክሊኒኮች አይቲ ነኝ። ባለቤቱ ዶክተር ማታ ማታ የዳታቤዙን ፋይል በቴሌግራም ላክልኝ ይለኛል፣ «ቴሌግራም ላይ የገባ አይጠፋም» ይላል። ደስ አይለኝም ግን ምን ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም። ጉግል ድራይቭ ላይ ባደርገውስ? (ዳ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዶክተሩ ያሰበው ግማሹ ልክ ነው ወንድሜ፣ ከግቢ ውጭ አንድ ቅጂ ይኑር ማለቱ ነው፣ እሱን አመስግነህ ጀምር። መንገዱ ነው የተሳሳተው። ተራው የቴሌግራም ቻት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ አይደለም፣ የተቆለፈው ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ብቻ ነው። ከሱ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ስልኩ ነው፣ ዶክተሩ ስልኩን ታክሲ ውስጥ ቢረሳው፣ ልጁ ጌም ሲጫወት ፎርዋርድ ቢነካ፣ አንተ ራስህ ማታ ደክሞህ ለዶክተሩ ብለህ ለሰፈር ዕድር ግሩፕ ብትልከው። ፋይሉ ውስጥ እኮ የኤችአይቪ ውጤት አለ፣ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ አለ፣ ከተማው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። እንደዚ ብለህ ንገረው፣ ሐኪም ስለሆነ ይገባዋል።

ሕጉም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ምድብ ውስጥ ነው ያስገባው፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ከአገር ውጭ ስለሚሻገር መረጃም ድንጋጌ አለው፣ ጉግል ድራይቭ ደግሞ ያው ውጭ አገር ነው፣ ስለዚ ክላውድ፣ በኢንተርኔት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው፣ ከመጀመራችሁ በፊት ክሊኒኩ የሕግ ሰው ያማክር፣ እዚህ አገር ሰርቨር ያላቸውንም ዋጋ ጠይቁ።

የትም ብታስቀምጠው ግን ከክሊኒኩ ከመውጣቱ በፊት ቆልፈው። 7ዚፕ የሚባለው ፋይል መጨመቂያና መቆለፊያ ነፃ ነው፣ ፓስዋርድ ስታስገባ «የፋይሉንም ስም ደብቅ» የምትለዋን ሳጥን ምረጥ፣ ፓስዋርዱ ረጅም ይሁን፣ ለዶክተሩ በቃል ንገረው እንጂ እዛው ቻት ላይ እንዳትጽፈው። በዛ ላይ ሲጨመቅ ስለሚያንስ ዳታ ፓኬጅም አይበላብህም።

ጉግል ድራይቭን በተመለከተ አንድ ነገር ላሳስብህ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ በራሱ የሚያመሳስለው አፕ ባክአፕ አይደለም። እዚህ ስትሰርዝ እዛም ይሰረዛል፣ እዚህ ቫይረስ ሲቆልፈው የተቆለፈው ፋይል ነው እዛም የሚሄደው። ቆሻሻ ቅርጫቱ 30 ቀን ነው የሚያቆይልህ ከዛ በኋላ የለም። ሰርቨሩ ፋይል መጨመር እንጂ መሰረዝ የማይችልበት፣ የድሮ ቅጂዎችን የሚያቆይ አገልግሎት ፈልግ፣ አካውንቱ በክሊኒኩ ስም ይከፈት እንጂ ባንተ ጂሜይል አይሁን፣ ነገ ስራ ብትቀይር የሰው ካርድ ይዘህ ትሄዳለህ ማለት እኮ ነው። ከፓስዋርዱ ሌላ የሚጠየቀውን ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድም አብራው። ሲስተር መ. ይቺን አንብቡልኝ፣ ሦስተኛው ቅጂ ያልኩት ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ሐኪም ናት፣ ትንሽ ቢሮ አላት፣ እኔ ማኔጀር ነኝ። ሲስተማችን ክላውድ ላይ ነው፣ በየወሩ እንከፍላለን። ባክአፕ የነሱ ስራ አይደለም ወይ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ሰርቨራቸውን መጠበቅ የነሱ ስራ ነው፣ ታካሚው ሲመጣ ካርዱ መኖሩ ግን የናንተ ኃላፊነት ነው። ሂፓ የሚባለው የአሜሪካ የጤና መረጃ ሕግ ትንሽ ቢሮ ትልቅ ሆስፒታል ብሎ ሳይለይ የባክአፕ ዕቅድ፣ መልሶ የማቋቋም ዕቅድ፣ ሲስተሙ በሌለበት የምትሰሩበት ዕቅድ እንዲኖራችሁ ይጠይቃል። ከካምፓኒው ጋር ቢኤኤ የሚባለው፣ የታካሚን መረጃ እንዲጠብቁ የሚያስገድደው ውል መፈረማችሁን አረጋግጥ፣ ፋይል አውጥተህ በግል ጂሜይልህ ድራይቭ ላይ ብታስቀምጥ ግን ያ ውል የለህም፣ አታድርገው። ሶፍትዌሩ በፌደራል ደረጃ ሰርቲፋይድ ከሆነ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የአንድ ታካሚንም የሁሉንም ታካሚ መረጃ ማውጣት የሚያስችል ነገር እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል፣ ኢኤችአይ ኤክስፖርት ብለህ ጠይቃቸው፣ በ3 ወር አንዴ አውጣና ኢንክሪፕት አድርገህ አስቀምጥ። ከካምፓኒው ጋር ብትጣሉ ወይ ቢዘጋ ባዶ እጃችሁን አትቀሩም።

የፌብሩዋሪ 2024ቱን የቼንጅ ሄልዝኬር፣ የኢንሹራንስ ቢል የሚያስተላልፈው ካምፓኒ፣ መጠለፍ ታስታውሰዋለህ መቼም፣ ትንንሽ ቢሮዎች ራሳቸው ምንም ሳይነካቸው ሳምንታት ሙሉ ኢንሹራንስ ቢል ማድረግ አቅቷቸው ነበር። ጠላፊዎቹ የገቡት ሁለተኛ ማረጋገጫ ባልተደረገበት አንድ በር ነው፣ የእናት ድርጅቱ ኃላፊ ኮንግረስ ፊት ራሱ ተናግሯል። የባለቤትህን ሎጊን ዛሬ እየው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ 20 ዓመት የሰራሁበት ክሊኒክ አለኝ። ሶፍትዌር ካስገባሁ ዓመት ሆነኝ። የወረቀት ካርዱ አንድ ክፍል ሞልቶ ተቀምጧል፣ ክፍሉን ለላብራቶሪ ፈልጌዋለሁ፣ ላቃጥለው ወይ? ዩፒኤስም፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚይዘውን ባትሪ ማለቴ ነው፣ ገዝቻለሁ፣ ይበቃል? (ዶ/ር ተ.)

መልስ፦ ዶክተር፣ አያቃጥሉት፣ እባክዎ። 20 ዓመት ሙሉ በእጅዎ የጻፉት ነው፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ የገባው ደግሞ የአንድ ዓመቱ ብቻ ነው። መዝገብ ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት የከተማውን ጤና ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ እስከዛው በካርድ ቁጥር ቅደም ተከተል በካርቶን አድርገው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፣ መሬት ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ፣ ካርቶኑ ላይ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደሆነ በትልቁ ይጻፍ። ሁሉን አንዴ ላስገባ ብለው ሰራተኛ አያድክሙ፣ የመጣው ታካሚ በመጣ ቀን ካርዱ ይውጣና አለርጂው፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የቆየ በሽታው፣ የተደረገለት ኦፕሬሽን ይግባ፣ ሌላው ወረቀቱ ላይ ይቆይ። ስኳር፣ ግፊት፣ ቲቢ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ግን እስኪመጡ ሳይጠብቁ ያስቀድሟቸው።

ዩፒኤሱ ሰርቨሩ በሥርዓት እስኪዘጋ የሚያደርስ ነው እንጂ ባክአፕ አይደለም፣ ዲስክ ሲሞት አያድንም። ግን ያስፈልጋል፣ የአዳማዋ ሲስተር ዲስክ የሞተው መብራት ሄዶ ሲመለስ መሆኑን አይተዋል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው፣ በ3 ወር አንዴ ታካሚ በሌለበት ሰዓት ሶኬቱን ነቅለው ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ይለኩት።

መብራቱ ቀኑን ሙሉ ባይመጣስ? ለዛ አንድ ገጽ ቅጽ አባዝተው ካርድ ክፍል መሳቢያ ውስጥ 100 ቅጂ ያስቀምጡ፣ ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ አለርጂ፣ ግፊት፣ ምርመራ፣ የታዘዘ መድኃኒት፣ ቀጠሮ፣ ይሄ ይበቃል። ማታ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ የነገ ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ዝርዝር ከአለርጂያቸውና ከመድኃኒታቸው ጋር ፕሪንት ይደረግ፣ በማግስቱ ማታ ይቀደድ። ሰርቨሩ ሲመለስ ቅጾቹን ማን እንደሚያስገባቸው ስሙን ዛሬውኑ ይወስኑ፣ የገባው ቅጽ ላይ ምልክት ይደረግበት፣ ያልገባው ከመሳቢያው ሳይወጣ ይደር።